ቀጣዩ የዋልያዎቹ አሰልጣኝ ኢትዮጵያዊ ይሁን፤ ውሉም አራት ዓመት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

የብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ በስም ተጀምሮ በስም ያልቃል። ገሚሱ «እገሌ ይመለስ» ይላል፤ ገሚሱ «ከውጭ ይምጣ» ይላል። የሚሾመው ሰው በስንት ቀን ልምምድ፣ ከእነማን ጋር፣ በምን ዓይነት ውል እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ቀጣዩ ዋና አሰልጣኝ ኢትዮጵያዊ ይሁን፤ ውሉ አራት ዓመት ይሁን፤ ለውጭ ባለሙያ የሚመደበው ገንዘብ ደግሞ በዋናው አሰልጣኝ ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ሦስት የሥራ መደቦች ላይ ይዋል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኩት የውድድሮቹ መዝገብ በዚያ ስለሆነ ነው።

በ1982 ሊቢያ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ስንሳተፍ አሰልጣኙ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ከዚያ 31 ዓመት ጠብቀን ወደ 2013ቱ የደቡብ አፍሪካ ውድድር የወሰዱን ሰውነት ቢሻው ናቸው። ሱዳን ሜዳ ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈን፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል ብልጫ አለፍን። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን የመሩት ደግሞ ውበቱ አባተ ናቸው። ሦስቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው።

በመካከሉ የውጭ አሰልጣኞችም መጥተዋል። ኢፊ ኦኑራ በ2010 ተሹመው በ2011 ሄዱ፤ አንድ ዓመት አልሞላቸውም። ቶም ሴንትፌት በዚያው በ2011 መጥተው በዚያው ዓመት ለቀቁ። ማሪያኖ ባሬቶ ከ2014 እስከ 2015 አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ይህን የውጭ አሰልጣኝ እንደማይችል ማስረጃ አድርጌ አላቀርብም፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም ቢሆን ብሔራዊ ቡድን አይሠራም። ከ2010 ወዲህ አሰልጣኝ የቀየርነው፣ ጊዜያዊዎቹን ጨምሮ፣ ከአስር ጊዜ በላይ ነው። ቡድኑ ያለፈባቸው ሁለት ጊዜያት ግን አሰልጣኞቹ ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩባቸው ወይም ተተኪው የቀዳሚውን ሥራ ሳያፈርስ የቀጠለባቸው ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ወደ ካሜሩን የወሰደን ማጣሪያ ነው። ምድባችን ውስጥ ኮትዲቯር፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች የመሩት አብርሃም መብራቱ ነበሩ፦ በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፈው፣ በኅዳር 2019 ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ። ቀሪዎቹን አራት ጨዋታዎች ውበቱ አባተ ተረክበው ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸነፉ፤ ከሜዳ ውጭ በኒጀርና በኮትዲቯር ተሸነፉ። ድምሩ 9 ነጥብ ሆነ፤ ማዳጋስካር 8 ላይ ቀረች። በአንድ ነጥብ ነው ያለፍነው። የባሕር ዳሩ ሦስት ነጥብ ባይኖር ውበቱ ያመጡት ስድስት ነጥብ አያሳልፈንም ነበር፤ የውበቱ ስድስት ባይጨመር የአብርሃም ሦስት ነጥብ ከንቱ ይቀር ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ቡድኑን ከመሠረቱ አልቀየሩትም፤ ሽመልስ በቀለ፣ ጌታነህ ከበደ፣ ሱራፌል ዳኛቸው በነበሩበት ቀጠሉ። ዕድገት ተብሎ የሚጠቀስ ነገር ካለን ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ያሸነፈንን ቡድን እንመልከት። ጥር 2022 ያውንዴ ላይ ኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 አሸነፈችን። ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቪዲዮ ዳኝነት ቀይ ካርድ አየ፤ ጎሉም በመጀመሪያው አጋማሽ ጭማሪ ሰዓት ከተሻገረ ኳስ በጭንቅላት ተቆጠረ። የኬፕ ቨርዴ አሰልጣኝ ቡቢስታ ይባላሉ፤ የአገሪቱ የቀድሞ ተጫዋች ናቸው፤ የተሾሙት በ2020 መጀመሪያ ነው። ከዚያ በ2023ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። ቀጥሎ ለ2025ቱ ውድድር ማለፍ አቃታቸው። እዚህ ላይ ፌዴሬሽናቸው ያደረገውን ልብ ይሏል፦ አላባረራቸውም። በጥቅምት 2025 ካሜሩንን አስከትለው ምድቡን በመሪነት ጨርሰው አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አበቁ። ነዋሪዋ 600 ሺህ እንኳ የማይሞላ አገር ናት። በእርግጥ የኬፕ ቨርዴ ተጫዋቾች አብዛኞቹ አውሮፓ የሚጫወቱ ናቸው፤ በዚህ ከእኛ ጋር አይወዳደሩም። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ቀድሞም አውሮፓ ነበሩ። ያውንዴ ላይ ከገጠመን ጨዋታ ወዲህ እነርሱ በአንድ አሰልጣኝ ሲቀጥሉ እኛ ደጋግመን ቀይረናል።

የውጭ አሰልጣኝ ደጋፊዎች የሚያነሱት መከራከሪያ ክብደት አለው። የ2012 ዋንጫ በዛምቢያ፣ የ2015ቱ በኮትዲቯር የተነሳው በፈረንሳዊው ኸርቬ ሬናርድ ነው፤ የ2017ቱን ካሜሩን ያነሳችው በቤልጅየማዊው ሁጎ ብሩስ ነው። በሌላ በኩል በ2013 ስቴፈን ኬሺ ናይጄሪያን፣ በ2019 ጀማል ቤልማዲ አልጄሪያን፣ በ2021ዱ ውድድር (በ2022 የተካሄደው) አሊዩ ሲሴ ሴኔጋልን፣ በ2023ቱ ኤመርስ ፋዬ ኮትዲቯርን ባለ ድል አድርገዋል፤ አራቱም የአገራቸው ልጆች ናቸው። ስለዚህ ዜግነት ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ አያስቀርምም። የሞሮኮው ዋሊድ ረግራጊ ከ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ሦስት ወር ያህል ሲቀር ተሹመው ግማሽ ፍጻሜ መድረሳቸውም የሚጠቀስ ነው። እርሳቸው ግን የተረከቡት በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች በየቀኑ የሚለማመዱ ተጫዋቾችን፣ ከነሙሉ የሕክምናና የትንተና ክፍል ነው። እኛ የምናስረክበው እንደዚያ ያለ ነገር የለንም፤ በሦስት ወር ተአምር የሚጠበቅበት ምክንያትም የለም።

ታዲያ ዜግነት ካልወሰነ ለምን ኢትዮጵያዊ እላለሁ? ምክንያቴ ሥራው የሚሠራበት ሁኔታ ነው። የእኛ ቡድን ተጫዋቾች በአብዛኛው በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ናቸው። የፕሪሚየር ሊጋችን ጨዋታዎች ደግሞ ባለፉት ዓመታት በተመረጡ ከተሞች በየተራ ሲካሄዱ ቆይተዋል፤ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ። አሰልጣኙ አንድ ከተማ ላይ ጥቂት ቀን ቢቀመጥ የሊጉን ክለቦች በሙሉ በአንድ ሜዳ ያያል። እንደዚህ ያለ ዕድል ያለው ብሔራዊ አሰልጣኝ በዓለም ላይ ብዙ የለም። ይህን ዕድል የሚጠቀምበት ዓመቱን ሙሉ እዚህ የሚኖር ሰው ነው፤ ለጨዋታ ሳምንት ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። እረፍት 15 ደቂቃ ነው። ተጫዋቾች ወደ መልበሻ ክፍል እስኪገቡ፣ ውሃ እስኪጠጡ፣ የተጎዳ እስኪታይ አምስት ደቂቃ ይሄዳል፤ ተመልሶ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል። ለአሰልጣኙ የሚቀረው ስምንት ደቂቃ ነው። በአስተርጓሚ ሲሆን ስምንቱ አራት ይሆናል፤ አስተርጓሚው ኳስ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ «መስመሩን ጠብቡ» የተባለው ሌላ ነገር ሆኖ ይደርሳል።

የልምምድ ቀኑን ጉዳይ በዝርዝር ላንሳው፤ ብዙ ተመልካች የማያየው፣ ብዙ ጥሩ የክለብ አሰልጣኝም ብሔራዊ ቡድን ሲይዝ የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው። በፊፋ የጨዋታ ሳምንት፣ ማለትም ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለብሔራዊ ቡድን በሚለቁበት ጊዜ፣ ሐሙስ ጨዋታ አለን እንበል። ተጫዋቾቹ ቅዳሜና እሁድ ለክለባቸው ይጫወታሉ። ሰኞ ይሰበሰባሉ ወይም ይጓዛሉ። ማክሰኞ እሁድ የተጫወቱት ማገገሚያ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ 25 ወይም 30 ደቂቃ ቀላል ሩጫና ማፍታቻ። ያልተጫወቱት ሙሉ ልምምድ ይሠራሉ። ረቡዕ የጨዋታ ዋዜማ ነው፤ ከ60 ደቂቃ በላይ ማሠራት አይቻልም፤ ከዚያ ውስጥ 20 ደቂቃው ለማዕዘን ምትና ለቅጣት ምት ይሄዳል። ማለትም ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት 11ዱ ቋሚ ተሰላፊዎች አብረው የሚሠሩት እውነተኛ ልምምድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ግማሽ ነው። ሁለተኛው ጨዋታ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከሆነ በመካከሉ አንድ ሙሉ ልምምድ ይገኛል። ዓመቱን ሁሉ ደምረን ከ10 እስከ 12 እውነተኛ ልምምድ ቢገኝ ነው። የክለብ አሰልጣኝ ይህን በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ አሰላለፍ የሚሞክር አሰልጣኝ ለብሔራዊ ቡድን አይሆንም። የሚሆነው ሦስት ወይም አራት ሕጎችን ብቻ መርጦ በየጥሪው የሚደግም ነው፦ ኳስ ስንነጠቅ ማን ቀድሞ ይጫናል፣ የመስመር ተከላካዩ ወደ ፊት ሲሄድ ማን ቦታውን ይሸፍናል፣ በማዕዘን ምት ማን ማንን ይይዛል፣ በ10 ሰው ስንቀር ማን ይወጣል። ያሬድ ቀይ ካርድ ያየው በ12ኛው ደቂቃ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ቀድሞ የተለማመደ ቡድን ከቅጣት ምቱ በፊት ቦታውን ይይዛል፤ ያልተለማመደ ቡድን ተቀያሪው እስኪገባ ድረስ ክፍት ይሆናል። የእኛ ተጫዋቾች ኳስ ይዘው በአጭር ቅብብል መውጣት ይወዳሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ኳሱ ከራሳችን ሳጥን ፊት ሲነጠቅ ምን እንደሚደረግ ካልተለማመድን አንድ ስህተት አንድ ጎል ነው። ይህ በካምፕ ንግግር አይስተካከልም፤ በዚያች አንዲት ልምምድ ላይ ለዚህ 25 ደቂቃ መመደብ አለበት።

ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ለውጥ አለ። የመስከረምና የጥቅምት የጨዋታ ሳምንታት አንድ ላይ ተዋህደው በ16 ቀን ውስጥ አራት ጨዋታ የሚደረግበት አንድ ረጅም ጊዜ ሆነዋል። ለእኛ ይህ ዕድል ነው፤ ቡድኑ ሁለት ሳምንት አብሮ ይቆያል። አደጋውም እዚያው ነው። በሁለቱ የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተመሳሳይ 11 ሰው ያሰለፈ አሰልጣኝ በሦስተኛው ጨዋታ ላይ የደከመና ካርድ የተከመረበት ቡድን ይዞ ይገባል። ስለዚህ የሚመረጠው ሰው 23 ተጫዋቾችን በአራት ጨዋታ ላይ እንዴት እንደሚያከፋፍል ከመሾሙ በፊት በወረቀት ማሳየት አለበት።

ሜዳውን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። የባሕር ዳር ስታዲየም በ2021 በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከታገደ በኋላ የሜዳችንን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ስናደርግ ቆይተናል። በሰኔ 2022 ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ ላይ ነው። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሴራሊዮንንና የቡርኪናፋሶን ጨዋታ ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ «በሜዳችን» ተጫወትን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ተጋጣሚያችን በሁለተኛው አጋማሽ የሚተነፍስበት አየር የሚያጥረው እዚያ ነበር። ያ ጥቅም ጠፍቷል። አሁን የእኛ ልጆች ናቸው ከደጋ ወርደው በባሕር ጠረፍ ሙቀት የሚጫወቱት። የሰውነት ፈሳሽ አያያዝ፣ ከጨዋታው ሦስት ወይም አራት ቀን ቀድሞ መድረስ፣ ልምምድን በጨዋታው ሰዓት ማድረግ የአሰልጣኙ ዕቅድ አካል መሆን አለባቸው። ጨዋታው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው የሚያርፍ ቡድን በ60ኛው ደቂቃ እግሩ ይከብደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታክቲክ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሰውየው ምን ማሟላት አለበት? ከፍተኛው የአሰልጣኝነት ፈቃድ የሆነው የካፍ ፕሮ ቢኖረው ይመረጣል፤ ቢያንስ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ካፍ ኤ። በፕሪሚየር ሊጉ አራት የውድድር ዘመን በዋና አሰልጣኝነት የሠራ፣ ወይም ብሔራዊ ቡድን በማጣሪያ የመራ። አብርሃም መብራቱ ወደ ዋልያዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የመንን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አሳልፈው ነበር፤ እንዲህ ያለ ልምድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን እንዳሉ እያወቅን «ሰው የለንም» ማለት ትክክል አይደለም። አንድ ነገር ግን የግድ ነው፦ ክለብ ይዞ በትርፍ ጊዜው ብሔራዊ ቡድን የሚያሠለጥን ሰው አይሾም። የራሱን ክለብ ተጫዋች ሲጠራ አድሎ ይባላል፤ ሳይጠራ ክለቡ ይቆጣል። ሁለቱም ወገን ጋ እምነት ያጣል።

የአመራረጡ መንገድም ይቀየር። እስካሁን በብዛት የምንሰማው የማመልከቻ ሰነድና ቃለ መጠይቅ ነው። ቃለ መጠይቅ ጥሩ ተናጋሪን እንጂ ጥሩ አሰልጣኝን አይለይም። በምትኩ ለመጨረሻ ዙር ለደረሱ አራት ዕጩዎች ሁለት ሙሉ የጨዋታ ቪዲዮ ይሰጣቸው፦ ያውንዴ ላይ በኬፕ ቨርዴ የተሸነፍንበትና ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን ያሸነፍንበት። 48 ሰዓት ይኑራቸው። ከዚያ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ነገር ያቅርቡ፦ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ከአምስት የማይበልጥ ቁርጥራጭ ምስል ከነማብራሪያው፣ ከጨዋታ ሁለት ቀን በፊት የሚሰጥ የአንድ ልምምድ ዕቅድ በደቂቃ ተከፋፍሎ፣ የ23 ሰው ዝርዝር ከእያንዳንዱ ቦታ ተጠባባቂ ጋር። በማግስቱ ከ20 ዓመት በታች ቡድን ተጫዋቾች ጋር ሜዳ ላይ 60 ደቂቃ ያሠልጥኑ። ገምጋሚዎቹ ሰዓት ይያዙ፤ ተጫዋቾቹ ስንት ደቂቃ ቆመው አዳመጡ፣ ስንት ደቂቃ ኳስ ነኩ የሚለው ብቻ ብዙ ይናገራል። ከ60ው 20 ደቂቃ ንግግር ያደረገ ሰው ያችን አንዲት ልምምድ በንግግር ይጨርሳታል።

ገምጋሚዎቹ አምስት ይሁኑ፦ የፌዴሬሽኑ ቴክኒክ ዳይሬክተር፣ ሁለት ከፍተኛ ፈቃድ ያላቸው በሥራ ላይ የሌሉ አሰልጣኞች፣ አንድ የቀድሞ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች፣ አንድ የስፖርት ሕክምና ባለሙያ። የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ውጤቱን ያጽድቅ እንጂ አያስፈትን። ነጥቡ ይፋ ይሁን፤ የተሸነፉት ዕጩዎች ስም ባይገለጽም የአሸናፊው ነጥብ በየዘርፉ ይታወቅ።

አሁን ወደ ሦስቱ መደቦች። የውጭ ምንዛሪ የሚያስወጣ ባለሙያ የምንፈልገው ለግብ ጠባቂ አሰልጣኝነት፣ ለአካል ብቃትና ለቪዲዮ ትንተና ነው። ግብ ጠባቂ የሚሠለጥነው በየቀኑ ነው፤ በዓመት 12 ልምምድ አይበቃውም። ስለዚህ ይህ ሰው በየወሩ ወደ ክለቦች እየሄደ ለብሔራዊ ቡድን ከታሰቡት አምስት ወይም ስድስት ግብ ጠባቂዎች ጋር በክለባቸው ውስጥ ይሥራ፤ የተሻገረ ኳስ ላይ መውጣትና ኳስን በእግር ማከፋፈል ላይ። የአካል ብቃት ባለሙያው ሰኞ ተጫዋቾች ከመድረሳቸው በፊት ባለፉት ሦስት ሳምንታት ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ በሠንጠረዥ ይያዝ፤ ማክሰኞ ማን ያርፍ ማን ይሥራ የሚለውን በዚያ ይወስን። ይህ ሳይደረግ ሲቀር የሚመጣው የጡንቻ ጉዳት የታወቀ ነው፤ እሁድ 90 ደቂቃ ተጫውቶ ማክሰኞ በሙሉ ፍጥነት የሮጠ ተጫዋች ሐሙስ የኋላ ጭኑን ይዞ ይወጣል። ተንታኙ ደግሞ የተጋጣሚን የመጨረሻ አምስት ጨዋታ ቆራርጦ ለቡድኑ በሙሉ ከ12 ደቂቃ ያልበለጠ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች በስልኩ ሦስት ደቂቃ ያዘጋጅ። ከዚያ በላይ የሆነ ቪዲዮ ማንም አይከታተለውም። የእነዚህ ሦስት ሰዎች ውል ከዋናው አሰልጣኝ ጋር አይያያዝ፤ እርሱ ቢለቅ እነርሱ ይቆዩ፣ በእያንዳንዳቸው ሥር ደግሞ አንድ ኢትዮጵያዊ ረዳት ሙያውን ይማር።

አራተኛው መደብ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ውድ ዋጋ አስከፍሎናል። በሰኔ 2013 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ከሜዳ ውጭ 2 ለ 1 አሸንፈን ነበር። ምንያህል ተሾመ ቀደም ባሉ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ስለነበረው መሰለፍ አልነበረበትም፤ ተሰለፈ። ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰን፤ ጨዋታውም 3 ለ 0 እንደተሸነፍን ተመዘገበ። ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን በደስታ በተዋጥንበት ሰሞን ነው ይህ የመጣው። የመጨረሻውን ጨዋታ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በመሪነት ባንጨርስ ኖሮ ከናይጄሪያ ጋር ወደነበረው የመጨረሻ ዙር አንደርስም ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የቡድን መሪው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ የጨዋታውን ኮሚሽነር ሪፖርት ተቀብሎ የካርድ መዝገብ ይሙላ፤ ከቀጣዩ ጨዋታ 72 ሰዓት በፊት ዋና አሰልጣኙ፣ ቡድን መሪውና የፌዴሬሽኑ የውድድር ክፍል ኃላፊ ሦስቱም ይፈርሙበት። የጥሪ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ውጭ ለሚጫወት ተጫዋች ጥሪው የጨዋታ ሳምንቱ ከመጀመሩ ቢያንስ 15 ቀን በፊት በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ ከዘገየ ክለቡ የመልቀቅ ግዴታ የለበትም፤ ተጫዋቹ ባልመጣበት ጊዜም አሰልጣኙን የምንወቅሰው ያለ ጥፋቱ ነው።

ወደ ውሉ እንምጣ። አራት ዓመት ስል ሁለት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያና አንድ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የሚይዝ ጊዜ ማለቴ ነው። በ24ኛው ወር ላይ ሁለቱም ወገን መውጣት የሚችልበት አንቀጽ ይኑረው፤ የሦስት ወር ደመወዝ ተከፍሎ ጉዳዩ ይዘጋ። ካሳው ቀድሞ ካልተጻፈ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል፦ ከውጭ አሰልጣኝ ጋር ሲሆን ክርክሩ ፊፋ ዘንድ ይሄዳል፤ በመርህ ደረጃ የቀረው የውል ዘመን ደመወዝ ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት ወር ደመወዝ ካልተከፈለውና የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ምላሽ ካላገኘ ደግሞ ራሱ በሕጋዊ ምክንያት ይለቃል።

ግቡም በቁጥር ይጻፍ። «ለአፍሪካ ዋንጫ ማሳለፍ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ሽንፈት ላይ ሁሉም ውሉን ያነሳል። አራት ቡድን ባለበት ምድብ ስድስት ጨዋታ አለ፤ 10 ነጥብ አስተማማኝ ነው፤ በ9 እንዳለፍን አይተናል። ከሜዳችን ሦስት ጨዋታ 7፣ ከሜዳ ውጭ 3 ነጥብ ተብሎ ይቀመጥ። የሜዳችን ጨዋታ ሰው አገር እስከተደረገ ድረስ ግን ግምገማው ይህን ከግምት ያስገባ። የልምምድ መዝገብ፣ የሕክምና መረጃ፣ የተቆራረጠ ቪዲዮ ሁሉ የፌዴሬሽኑ ንብረት መሆኑ በውሉ ይስፈር፤ አሰልጣኙ ሲለቅ ተተኪው ከዜሮ እንዳይጀምር።

የአፍሪካ አገራት ሻምፒዮናን (ቻንን) በተመለከተ አጭር ሐሳብ አለኝ። ውድድሩ የተዘጋጀው በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ ነበር፤ ከፊፋ የጨዋታ ሳምንታት ውጭ ስለሚካሄድም ሊጉን ያቋርጥ ነበር። የ2014ቱን ቻን ያለ ጎል ሦስት ጊዜ ተሸንፈን ስንወጣ ብዙም ሳይቆይ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ፤ ከጥቂት ወራት በፊት ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የመጨረሻ ዙር ያደረሱን ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ውድድር ሲመጣ ምክትል አሰልጣኙ ይምራው፤ ዋናው አሰልጣኝ በዚያ ውጤት አይመዘን።

ሹመቱ መቼ ይሁን የሚለው የመጨረሻ ነጥቤ ነው። አንድ ማጣሪያ እንዳለቀ፣ የሚቀጥለው ከመጀመሩ ቢያንስ 90 ቀን በፊት። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት አሰልጣኙ ሊጉን ይይ፤ በሁለተኛው 30 ቀን የ40 ሰው ዝርዝር አውጥቶ ውጭ ያሉትን ተጫዋቾችና ክለቦቻቸውን በስልክ ያነጋግር፤ በመጨረሻው 30 ቀን አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ያድርግ። ጨዋታ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጊዜያዊ አሰልጣኝ መሾም ካስፈለገ ደግሞ ጊዜያዊው ሰው ለቋሚው ቦታ እንዳይወዳደር አስቀድሞ ይነገረው፤ አለበለዚያ ሁለቱን ጨዋታ የሚመራው ለራሱ ሹመት ይሆናል፤ ወጣት ተጫዋች ለማሰለፍ አይደፍርም።

ፌዴሬሽኑ የቅጥር ማስታወቂያውን ሲያወጣ የውሉን ርዝመት፣ የመውጫ አንቀጹን፣ የነጥብ ግቡንና ለሦስቱ ረዳት ባለሙያዎች የተያዘውን በጀት አብሮ እንዲያወጣ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችሁም በጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ከ«ማን?» በፊት እነዚህን አራቱን እንዲጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር
የእግር ኳስ አሰልጣኝነት ባለሙያ
አዲስ አበባ